የአንጓች ሁለት ጉንጉን

እስቲ ንገሩኝ፤ በገዛ አገራችሁ አንድ ቅል ውኃ ለመጠጣት የስንቱን ደጅ ጠንታችኋል?

አንጓች በሰው አገር መጽሐፍ ስታነብ ኖራ፣ ፀጉሯ ሸብቶ ስትመለስ የተመኘችው ይህንኑ ነው፤ በልጅነቷ ከጠጣችበት ምንጭ አንድ ቅል ውኃ። ጉሙ ወፍሮ፣ የምትረግጠው መሬት ይሁን ሕልም አይለይም ነበር።

“አልፈስም” አለ ምንጩ። “እንቁራሪቷ አፌ ላይ ተቀምጣለች።”

“አልነሣም” አለች እንቁራሪቷ። “ቄጠማው ጎንበስ ብሎ ካላሻገረኝ። ደግሞስ እሜቴ፣ ስትሄጂ ማን ሸኘሽና ስትመጪ ማን ይቀበልሽ?”

በዚያ አገር መልእክተኛ ላኪዎቹን ሁሉ ካልጠራ አይሰማም፤ አንዱን ከዘለለ ከምንጩ ይጀምራል።

“ምንጩ አልፈስም አለ፤ እንቁራሪቷ አልነሣም አለች፤ ቄጠማ ሆይ፣ ጎንበስ በል።”

“ነፋስ ካልገፋኝ አልጎነብስም።”

“ምንጩ አልፈስም አለ፤ እንቁራሪቷ አልነሣም አለች፤ ቄጠማው አልጎነብስም አለ፤ ነፋስ ሆይ፣ ንፈስ።”

“ደመናው መንገዴ ላይ ተጋድሟል። ካልሄደ አልነፍስም።”

“ምንጩ አልፈስም አለ፤ እንቁራሪቷ አልነሣም አለች፤ ቄጠማው አልጎነብስም አለ፤ ነፋሱ አልነፍስም አለ፤ ደመና ሆይ፣ ሂድ።”

“ተራራው ጋቢዬን ይዞ አንቀላፍቷል። ካልለቀቀኝ አልሄድም።”

ተራራው በእንቅልፍ ልቡ፣ “ፀሐይ ካልቀሰቀሰችኝ አልለቅም” አለ።

“ማን ላከሽ?” አለች ፀሐይ።

“ምንጩ አልፈስም አለ፤ ቄጠማው... የለም፣ ደመናው...” አንዱን ስትይዝ ሌላው አመለጣት።

“ተመለሽ።”

“አይ እሜቴ!” አለች እንቁራሪቷ፣ አንጓች ወደ ምንጩ ስትመለስ አይታ እየሳቀች። “ያን ሁሉ መጽሐፍ የጨረሰ ጭንቅላት ስድስት ስም አይዝም?”

አንጓች ከምንጩ ዳር ተቀምጣ ሣር ትጎነጉን ጀመር፤ ጣቶቿ የእህቷን ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ዘለላው ለየብቻው ሲሆን ይበተናል፤ ሦስት ሆኖ ሲጎነጎን ግን በአንድ እጅ ይያዛል። እጇ ቆም አለ። ምንጭ፣ እንቁራሪት፣ ቄጠማ፤ ይህ የውኃው ጉንጉን። ነፋስ፣ ደመና፣ ተራራ፤ ይህ የሰማዩ። ስድስት ያቃተው ጭንቅላቷ ሁለቱን ያዘ።

ሁሉንም ደጅ አልፋ እንደገና ፀሐይ ፊት ቆመች።

“ምንጩ አልፈስም አለ፤ እንቁራሪቷ አልነሣም አለች፤ ቄጠማው አልጎነብስም አለ፤ ነፋሱ አልነፍስም አለ፤ ደመናው አልሄድም አለ፤ ተራራው አልለቅም አለ፤ ፀሐይ ሆይ፣ ቀስቅሺው!”

ፀሐይ ተራራውን ቀሰቀሰች፤ ተራራው ደመናውን ለቀቀ፤ ደመናው ሄደ፤ ነፋሱ ነፈሰ፤ ቄጠማው ጎነበሰ፤ እንቁራሪቷ ተሻገረች፤ ምንጩ ፈሰሰ። አንጓች ጠጣች። ውኃው ያው ነበር።

“እንግዲህ ስትሄጂ ስላልሸኘንሽ፣ ስትመጪም ደጅ ስላስጠናንሽ ይቅር በይን፣ እሜቴ” አለች እንቁራሪቷ።

አንጓች ቅሉን ደፋች።

“ማንንም ይቅር አልልም።”