የእማማ ደብሪቱ ወንበር

ስለ ወንበር የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ዕቃ ሲያማርጥ ሥራውን የሚረሳ ሰው ሁሉ ይዘለፍባታል፤ የተወለደችው ግን ጅማ ውስጥ፣ እነ ትርንጎ በረንዳ ላይ ነው።

ጠዋቱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ትርንጎ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ እናቷን እማማ ደብሪቱን ደግፋ በረንዳው ላይ አወጣቻቸው። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ተንቋቋ፤ ለመነሳት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ብቻቸውን ከሚኖሩበት ገጠር ያመጣቻቸው ለዘለቄታው ልታስቀራቸው ብላ ነው። እሳቸውም፣ «ሰው ሳላስቸግር የምነሳበት መቀመጫ ካለ እቀራለሁ» ብለዋት ነበር።

ባሏ መምህር አሰግደው ከጓሮ ባለችው የእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ከፍ ያለ ባለመደገፊያ የዋንዛ ወንበር ሠርቶ አቁሟል። የቀረው ማለስለስ ብቻ ነው። ማለስለሻ ማሽኑን ግን መርጦ አልጨረሰም።

«ብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ለጠፍጣፋው ጥሩ ነው» አላት ስልኩን እያሳያት። «ጎድጓዳው ውስጥ ግን አይገባም። ለሱ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ያለው ይሻላል። ሁለቱንም የያዘ አለ፤ ዘንጉ አጭር ነው ይሉታል እንጂ።»

«አሴ፣ ብርጭቆ ወረቀት በእጅ አይፈትግም?»

«ለአማቴ? ስንጥር ቢወጋቸውስ? ሰው ምን ይለኛል!»

«ሰው አይደለም የሚቀመጥበት፤ እማዬ ናት! አጎዛ ጣል አደርግበታለሁ፣ አለቀ።»

«እሺ፣ ይቺን ሳምንት ብቻ።»

አማትና አማች ደግሞ ይተፋፈራሉ። እማማ ደብሪቱ እሱ ብቅ ሲል ነጠላቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ «ወንበሬስ?» አይሉም፤ እሱም ቀና ብሎ አያያቸውም። ከአዲስ አበባ አንድ ማሽን አስመጣ፤ ይንቀጠቀጣል ብሎ መለሰው። ክረምቱ ወጣ።

አንድ ማለዳ ትርንጎ ስትነሳ እናቷ ጓዛቸውን ቋጥረው በር ላይ ቆመዋል።

«ምነው እማዬ? ወንበሩ እኮ ደርሷል!»

«ተይ ልጄ። አማቼ ጨዋ ነው፤ ሂጂ ማለት አፍሮ ነው። ሊያስቀምጠኝ የፈለገ ሰው አንድ ወንበር ክረምቱን ሙሉ አያቆይም።»

«ማሽን እየመረጠ ነው እኮ! ማሽን!»

«ለአንድ ወንበር?» እማማ ደብሪቱ ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፣ ዋሺለት። ባልሽ ነው።»

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ።

ማሽኑ በሳምንቱ መጣ፤ ቀበቶም ዘንግም ያለው። መምህር አሰግደው ወንበሩን እንደ መስታወት አለስልሶ በረንዳው ላይ አቆመውና፣ «በይ፣ አሁን ሂጂና አምጫቸው» አላት።

«ደወልኩላት። ‹ገብቶኛል› ነው የምትለው» አለች ትርንጎ። ያፈላችውን ሻይ መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ጎረቤታቸው ሽማግሌው አባ ፊጣ በበሩ ሲያልፉ ገቡ። መደገፊያውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ጥጉ ላይ ባዶውን የቀረውን በርጩማ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ መምህር!» አሉ። «ወንበሩ ለሰለሰ፣ ተቀማጭ ገሰገሰ።»