የአቶ ጋኦ ንግግር ዋና ሐሳብ

በአንዲት የቻይና የገጠር ከተማ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ምንባብ ወደሚለማመዱ ተማሪዎች ክፍል የትምህርት ኃላፊው አቶ ጋኦ ገቡ። «ስለ ንባብ ጥቂት ልበላችሁ» ብለው ጀመሩና የምሳ ሰዓት አልፎም ቀጠሉ። ከጎህ በፊት ተነሥታ ከአባቷ ጋር ጡብ ስትጭን የነበረች አንዲት ተማሪ እንቅልፍ አሸነፋት።

አቶ ጋኦ ጠረጴዛዋን በቡጢ መቱት። «አንቺ እንቅልፋም! እስኪ የንግግሬን ዋና ሐሳብ ንገሪኝ። ካላወቅሽ ለፈተና አትቀመጪም!»

ልጅቷ ደነገጠች። ፈተናው ካመለጣት የሚጠብቃት ያው ጡብ መሸከም ነው። ቀስ ብላ ተነሣች።

«ክቡርነትዎ፣ ረጅም ምንባብ ሲያጋጥመን ዋናውን ሐሳብ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንድንፈልግ ተምረናል» አለች። «የመጀመሪያውን በደንብ ሰምቻለሁ። የመጨረሻውን ግን ይኸው ሁላችንም ምሳ ሳንበላ እየጠበቅነው ነው።»