ሃያ አራት ቀዳዳ

ከጫጫ ከተማ ተነስቶ ዕቃ ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፣ መኪና ላይ ሳይወጣ አንድ አባባል ይሸኘዋል። አባባሉ ስለ ላም ነው። የመጣው ግን ከበረት ሳይሆን ከአንድ ጥቁር የብረት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑን የገዛውም ሸዋቀና ነው።

ሸዋቀና የወተት አምራቾች ማኅበር አባል ነበር። ላም በማወቅ የሚስተካከለው አልነበረም። ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ የላሟን ቁመትና የቆዳዋን ልስላሴ ሲያደንቅ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከሆዷ በታች የተጋደመውን የወተት ሥር፣ ወደ ጡቷ የሚሄደውን የደም ሥር፣ በጣቱ ይከተላል። ወፍራምና ጠመዝማዛ ከሆነ ላሟ ወተት አላት ማለት ነውና ፈገግ ይላል፤ ካልሆነ ነጠላውን አጣፍቶ ይሄዳል። በዚህ ዕውቀቱ ተማምኖ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲመኝ ኖረ፤ የግዢ ቦርሳውን። ቦርሳው ቡናማ ቆዳ ነው፤ ማኅበሩ ዕቃ ገዥ አድርጎ የመረጠው ሰው ያነግተዋል። ደንቡ አጭር ነበር፦ ገዥው የገዛውን በጉባኤ ፊት ያሳያል፤ ዕቃው ከሠራ ይመረቃል፣ ካልሠራ ቦርሳው እዚያው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሐምሌ ላይ ቦርሳው ለሸዋቀና ደረሰው፤ የመጀመሪያው ግዢም ታዘዘ። ከመኖ መጋዘኑ ፋጉሎ በየቀኑ እየጎደለ፣ ማን እንደሚወስደው ስላልታወቀ፣ ማኅበሩ በየበረቱና በየበሩ አሥራ ስድስት የጥበቃ ካሜራ አሰቅሎ ነበር። የቀረው ካሜራዎቹን የሚያገናኘው ሳጥን ብቻ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፒኦኢ ስዊች ይሉታል። ከየካሜራው የሚመጣው ገመድ ሳጥኑ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካል፤ በዚያው ገመድ ምስሉ ይመጣል፣ ለካሜራው የሚሆን ኤሌክትሪክም ይሄዳል።

ሸዋቀና ከመሄዱ በፊት ከአጥር ማዶ ወፍጮ ቤት ወዳላት ወደ እትዬ ዘርፌ ጎራ አለ። እሷ ካሜራ ካስገባች ዓመት ሆኗታል። ሳጥኗን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ይቺ እኮ ስምንት ቀዳዳ ብቻ ናት!»

«ካሜራዬም አራት ብቻ ነው። ተርፎኛል።»

«እኔ የማመጣውን ሲያዩ ይቺን የዶሮ መቆሚያ ያደርጓታል።»

«አምጣውና እናያለን፣ ባለ ቦርሳው!» አለችና ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች።

አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፣ ነጃት የምትባል ባለሱቅ ሁለት ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዋጋቸው እኩል ነው» አለች። «ይሄኛው አሥራ ስድስት ቀዳዳ፣ ለካሜራ የሚያድለው ኃይል ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት። ያኛው ሃያ አራት ቀዳዳ፣ መቶ ሃያ አምስት ዋት።»

«እኩል ዋጋ? እና አሥራ ስድስቱን የሚወስድ ሰው ምን ነክቶት ነው?»

«ካሜራችሁ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«በጨለማ የሚያዩ ናቸው?»

«እንዴታ! ድመት በሏቸው።»

«እንግዲያው በብርሃን አምስት አምስት ዋት ይበላሉ፤ ሲጨልም የራሳቸውን መብራት ስለሚያበሩ አሥር አሥር ይበላሉ። አባዛው እስቲ። ቀዳዳ በር ነው ወንድሜ፤ ጓዳው ባዶ ከሆነ በር ቢበዛ ምን ይጠቅማል?»

ሸዋቀና ግን ዓይኑ ቀዳዳዎቹ ላይ ነበር። በጣቱ ቆጠራቸው፤ ደግሞ ቆጠራቸው። ስምንት ትርፍ! ጉባኤው ፊት ቆሞ «ስምንት ትርፍ» ሲል ታየው።

«እህቴ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ በአንድ ዋጋ ስምንት ቀዳዳ ጥዬ ልሂድ?»

ነጃት ቁራጭ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጽፋ አጠፈችና ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። «ስትደርስ አንብበው። ሳጥኑ ካልተጫረ እቀይርልሃለሁ» አለችው። እሱ ግን ወረቀቱን የዋስትና ወረቀት መስሎት ረሳው።

ጉባኤው ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደባልቄ በየቀኑ እንደሚያደርጉት በዳማ በቅሏቸው መጥተው በር ላይ አሰሯትና ገቡ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የከብት ንግድ ትተው እንኳ የከብት ምሳሌ አልተዉም። ሸዋቀና ሳጥኑን ሰካ። ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን አሥራ ስድስት ምስል ቦግ አለ።

«ያቺ የኔ ቡሬ ናት!»

«ውይ ጉዴ፣ ባሌ ድርቆሹ ላይ ተኝቷል!»

«ስምንት ትርፍ ቀዳዳም አለን!» አለ ሸዋቀና፤ ቦርሳውን ከትከሻው ከፍ አድርጎ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ነጎድጓድ መጣ፣ ደመናው በረቱን ሸፈነው። ካሜራዎቹ መሽቷል ብለው የጨለማ ዓይናቸውን ከፈቱ። አሥራ ስድስተኛው ምስል ጠፋ፤ አሥራ አምስተኛው ተከተለ፤ አሥራ አራተኛውና አሥራ ሦስተኛውም ብልጭ ድርግም ብለው ጠፉ። አሥራ ስድስተኛው ደግሞ የመኖ መጋዘኑ ነበር።

«ትርፍ ቀዳዳ አለ አላልክም? እዚያ ሰካው እንጂ!» አለው አንዱ።

ሸዋቀና ገመዱን ነቅሎ ሃያኛው ቀዳዳ ላይ ሰካው። ጨለማ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ሰካው። ጨለማ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አለውና ከካርቶኑ አወጣው። የነጃት ጽሕፈት ጥርት ያለ ነበር፦ «አሥራ ስድስት በአሥር፣ መቶ ስድሳ። ሳጥኑ ያለው መቶ ሃያ አምስት። ሲጨልም የመጨረሻዎቹ ይራባሉ።»

የጉባኤው ዓይን ሁሉ ቦርሳው ላይ አረፈ። ሸዋቀናም ቦርሳውን አየው፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቦርሳ አንድ ወር ሳይሞላው ከትከሻው ሊወርድ ነው።

«ጋሼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ሩጥ» አሉት ጋሽ ደባልቄ።

እትዬ ዘርፌ ዘንድ ሲደርስ ዝናቡ ከፀጉሩ ይንጠባጠብ ነበር። የሆነውን ነገራት። እሷም ዱቄት የለበሰ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«የኔዋ መቶ ሃያ ዋት ናት። አራት ብቻ ስለምታበላ አትደክምም። አውስሃለሁ፤ ወፍጮዬን ለዛሬ በራሴ ዓይን እጠብቃለሁ። ግን እዚህ ደንበኞቼ ፊት አንድ ነገር ትላለህ።»

«ምን ልበል?»

«ስምንት ከሃያ አራት ይበልጣል በል።»

ሸዋቀና ጉሮሮውን ጠረገ። «ስምንት ... ከሃያ አራት ይበልጣል።»

«አልሰማንም!» አሉ እህል ተሸክመው የቆሙት።

«ስምንት ከሃያ አራት ይበልጣል!» ብሎ ጮኸና ሳጥኗን በጋቢው ጠቅልሎ ሮጠ። እትዬ ዘርፌም የሚሆነው አያምልጠኝ ብላ ዣንጥላዋን ይዛ ተከተለችው።

አራቱን የተራቡ ገመዶች ባለ ስምንት ቀዳዳዋ ሳጥን ላይ ሰካቸው፤ ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ገመድ አያያዛቸው። አሥራ ሦስተኛው በራ። አሥራ አራተኛው፣ አሥራ አምስተኛው። በመጨረሻ መጋዘኑ መጣ፤ ጉባኤውም አፉን ከፈተ። መወርወሪያው ተነስቷል፣ በሩ ተበርግዷል፣ አንዲት ዳማ በቅሎ እስከ ጆሮዋ ፋጉሎ ጆንያ ውስጥ ገብታ ታኝካለች። ልጓሟ ላይ የተፈታው ገመድ ተንጠልጥሏል።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ደባልቄ ዞረ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ዝናቡ እንኳ አልተሰማም።

ሸዋቀና ግን አልሳቀም። ቦርሳውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጋሽ ደባልቄ ቦርሳውን በምርኩዛቸው ወደ እሱ ገፉት።

«አንሳው። ሰኞ ሳጥኑን ቀይረህ ትመጣለህ፤ ፋጉሎውን እኔ እተካለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ሌባ ስጋልብ ኖሬ በአንተ ልፈርድ አልችልም። አንድ ነገር ግን ንገረኝ፤ ላም ስትገዛ ጡቷን ትቆጥራለህ?»

«ጡትማ የማንኛዋም ላም አራት ነው፣ ጋሼ። የወተት ሥሯን ነው የማየው።»

እትዬ ዘርፌ ዣንጥላዋን እያራገፈች ከት ብላ ሳቀች። ሸዋቀና ያለው ነገር ያኔ ለራሱ ገባውና አንገቱን ሰበረ፤ የነጃትን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ባለ ስምንት ቀዳዳዋን ሳጥን ነካ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ጡት ቆጥሮ ላም የገዛ፣ ወተቱን ከጎረቤት ይግዛ።»