የእትዬ አንጓች ቁና

ጆሮ ያለው ይቀመጥ፤ ቁና ያለው ይደብቅ፤ ተረቴ መጣች!

በደጋ አንድ ንጉሥ ነበር፣ በቆላም አንድ ንጉሥ ነበር። ደገኛው «በሀብት የሚደርስብኝ የለም» ሲል ቆለኛው ሰማና «እሱ ደግሞ ምን አለውና!» አለ። በቃ፣ ነገር ተነሳ። ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ ሊያስቆጥሩ፣ የሚሰፈረውንም በቁና ሊያሰፍሩ፣ ቁጥሩ የበዛለት ሊበልጥ ተማማሉ። በማን ቁና ይሰፈር ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

የደገኛው ሎሌዎች «ለትልቅ ንጉሥ ትልቅ ቁና!» እያሉ አገር ምድሩን አሰሱ። ያገኙትን ሁሉ ናቁና በመጨረሻ እትዬ አንጓች ቤት ገቡ። የእሷ ቁና ከእናቷ የወረሰችው፣ ሆደ ሰፊ፣ ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሌላው ቁና ሁለቴ የሚሰፍረውን እሱ አንዴ ይውጠዋል። «ለንጉሥ ነው!» አሉና አንጠልጥለውት ሄዱ።

ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው! አንጓች ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። የገብስ ዘር አላት፣ በሬ የላትም። ጎረቤቷ አያ ዳምጤ በሬ አለው፣ ዘር የለውም። ዘሩን እኩል ልታካፍለው፣ እሱም የሁለቱንም ማሳ ሊያርስ ተስማምተዋል። ዳምጤ ግን ተጠራጣሪ ነው። «አምና በጎደሎ ቁና ተበልቻለሁ። ዘንድሮ በአንቺ ቁና፣ በዓይኔ ፊት ካልተሰፈረ በሬ አልጠምድም!» አለ። ዝናቡ ሳይዘራ ካለፈ ልጆቿ ክረምት ከበጋ ምን ሊቀምሱ ነው? አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሰች።

የግምጃ ቤቱን ሹም፣ በጅሮንዱን አገኘችው። «ጌታዬ፣ ቁናዬን ይስጡኝ! ቁናዬን ካልሰጡኝ ዳምጤ አይጠምድም፤ ዳምጤ ካልጠመደ ልጆቼ አይበሉም!»

«አልሰጥም! ወርቁን የምሰፍረው በሱ ነው። ላሞቹ ሳይቆጠሩ ወርቁን ብሰፍር ደግሞ፣ ነገ ንጉሡ በወርቁ ላም ይገዙና አንዱ ሀብት ሁለቴ ይቆጠራል። ሂጂ፣ ለላም ቆጣሪው ንገሪ!»

ወደ ላም ቆጣሪው ሮጠች። «ወንድሜ፣ ላሞቹን ቁጠርልኝ! አንተ ካልቆጠርክ በጅሮንዱ ቁናዬን አይሰጥም፤ ቁናዬን ካልሰጠ ዳምጤ አይጠምድም፤ ዳምጤ ካልጠመደ ልጆቼ አይበሉም!»

«አልቆጥርም! እየተራወጡ እንዴት ይቆጠራሉ? ያቺን ዳልቻ ሦስቴ ቆጥሬ ቦቃዋን ጭራሽ ሳትኳት። ሂጂ፣ ላሞቹን ቁሙ በያቸው!»

ወደ ላሞቹ ሮጠች። «እናንተ ላሞች፣ የጥጃዎቻችሁ አምላክ ይወቅላችሁ፣ ቁሙልኝ! እናንተ ካልቆማችሁ ቆጣሪው አይቆጥርም፤ ቆጣሪው ካልቆጠረ በጅሮንዱ ቁናዬን አይሰጥም፤ ቁናዬን ካልሰጠ ዳምጤ አይጠምድም፤ ዳምጤ ካልጠመደ ልጆቼ አይበሉም!»

ላሞቹ አፍ አውጥተው መለሱላት። (ምን ትስቃላችሁ? ንጉሥ በቁና ወርቅ ሲሰፍር ዝም ብላችሁ፣ ላም ስትናገር ነው የሚገርማችሁ?) «አንቆምም! ጨው ይምጣና እየላስን እንቁም» አሏት።

ጨው የጫነችው በቅሎ ደግሞ ወንዝ ዳር ተኝታለች። «እመት በቅሎ፣ ተነሽልኝ! አንቺ ካልተነሳሽ ጨው አይመጣም፤ ጨው ካልመጣ ላሞቹ አይቆሙም፤ ላሞቹ ካልቆሙ ቆጣሪው አይቆጥርም፤ ቆጣሪው ካልቆጠረ በጅሮንዱ ቁናዬን አይሰጥም፤ ቁናዬን ካልሰጠ ዳምጤ አይጠምድም፤ ዳምጤ ካልጠመደ ልጆቼ አይበሉም!»

በቅሎዋ አንድ ጆሮዋን ብቻ አነሳች። «በባዶ ሆዴ? ገብስ ሳልቀምስ ንቅንቅ አልልም» አለች።

አንጓች ላብ በላብ ሆና ወደ ንጉሡ ጎተራ ደረሰች። «አባቴ ጎተራ ጠባቂ፣ ገብስ ይስጡኝ! ገብስ ካልሰጡኝ በቅሎዋ አትነሳም፤ በቅሎዋ ካልተነሳች ጨው አይመጣም፤ ጨው ካልመጣ ላሞቹ አይቆሙም፤ ላሞቹ ካልቆሙ ቆጣሪው አይቆጥርም፤ ቆጣሪው ካልቆጠረ በጅሮንዱ ቁናዬን አይሰጥም፤ ቁናዬን ካልሰጠ ዳምጤ አይጠምድም፤ ዳምጤ ካልጠመደ ልጆቼ አይበሉም!»

«አልሰጥም! የንጉሥ ገብስ ሳይሰፈር አንዲት ፍሬ አትወጣም።»

«ታዲያ ሰፍረው ይስጡኛ!»

«በምን ልስፈር? ቁናው በጅሮንዱ ጋ ነው። ሂጂ አምጪው!»

እግዚኦ! አንጓች ዞራ ዞራ እዚያው ቁናው ላይ ተመለሰች። ሰማዩ ጉርርር አለ። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፣ ከእንባዋ በኋላ ንዴቷ መጣ።

«ቆይ! የቆላው ንጉሥ በምን እያሰፈረ ነው?»

«በቆላ ቁና ነዋ።»

«የቆላን ቁና ገበያ ላይ አይቼዋለሁ! የእኔን ግማሽ አይሞላም! በአንድ ልክ ሀብት እሱ ሁለት ሲል እናንተ አንድ ልትሉ ነው? ለንጉሣችሁ ትልቅ ቁና ፈልጋችሁ ሀብቱን በግማሽ ቆረጣችሁለት! እሰይ! ደግ አደረጋችሁ!»

የጎተራ ጠባቂው ፊት አመድ መሰለ። «ውይ፣ ጉዳችን ፈላ! ታዲያ በምን እንስፈር?»

«በእፍኝ ስፈሩ!» አለች፤ ስትሳደብ እንጂ ስትመክር አልነበረም።

እሱ ግን ምክር አደረገው። ያን ጊዜ ጠባቂው ገብሱን በእፍኝ ሰፍሮ ሰጠ፤ በቅሎዋ በላችና ተነሳች፤ ጨው መጣ፤ ላሞቹ እየላሱ ቆሙ፤ ቆጣሪው ቆጠረ፤ በጅሮንዱም የቁናውን ነገር ሲሰማ እንደ እባብ ሸሸው። «ውሰጂ! ንጉሡ ሳያዩት ውሰጂልኝ!» ብሎ በደጅ ወረወረላት። አንጓች ቁናዋን አቅፋ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ወረደች። ዳምጤ በዓይኑ ፊት ሲሰፈር አይቶ በሬውን ጠመደ፣ ገብሱ ተዘራ፣ ዝናቡም ወዲያው ወረደ።

ነገሥታቱማ! ደገኛው በእፍኝ ያሰፍራል ሲባል ቆለኛው በማንኪያ አደረገ። ቆለኛው በማንኪያ ሲባል የደገኛው ሎሌዎች ተመልሰው አንጓች በር ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ከማንኪያ የሚያንስ መስፈሪያ አይኖርሽም?»

አንጓች ቁናዋን ደፍታ ተቀምጣበት ነበር። አዲሱ ገብስ ገብቶ ልጆቿ እሳት ዳር ቆሎ ይሻማሉ። ካጠገቧ ባዶ የእንቁላል ቅርፊት አነሳችና ሰጠቻቸው። «እንኩ፣ በዚህ ቢሰፍር ማንም አይደርስበትም» አለች። ንጉሡ እስከ ዛሬ በቅርፊት እያሰፈረ ነው አሉ። በቁና መሰፈሩ ቀርቶ ገና ያላለቀው ጎተራ አይጥ ገብቶበት፣ ከሚሰፈረው የሚበላው በዝቷል። የአንጓች ልጆች ግን ያን ማታ «ጠገብን» ብለው የተረፈውን ቆሎ ለእናታቸው ሰጧት።

ተረቴን ሰፍሬ ሰጠሁ፤ ጎደለ የሚል የራሱን ቁና ይዞ ይምጣ።