የዝንጀሮዎቹ ማደሪያ

አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በል እንጂ ይርዳው፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። «ያ ተሰዶ የመጣ ጎረቤቴ ከብቶቹን እህሌ ላይ እየለቀቀ አስቸገረኝ፤ መሬቴ ላይ የሠራትን ጎጆ ባፈርስበት ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ብለህ እኔን መምህርህን ጠይቀኸኛል። መልሱን እየነገርሁህ ነውና አታቋርጠኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበረ፤ ጎጆው ያለውም ማሽላ የሚዘራውም ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ወገብ ላይ ስፋቷ አንድ ክንድ የማይሞላ ጠርዝ አለች። ዝንጀሮዎች የሚያድሩት እዚያች ላይ ነው። ሲያድሩም እንደ እኛ ተዘርረው አይደለም። ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው፣ ግልገሎቻቸውን ጉያቸው ሸጉጠው፣ ተጠጋግተው እንደ ተቀመጡ ያንቀላፋሉ። ከእግራቸው በታች ያለው ባዶ ነው። ዝንጀሮ ግን ከባዶው ይልቅ ነብርን ይፈራል፤ ነብር ደግሞ እዚያ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም።

ያገሩ ሰው ዝንጀሮን ቀን ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ያባርራል። ማደሪያውን ግን የነካ አልነበረም። ለምን ብሎ የጠየቀም የለም፤ አባቶች አልነኩትም፣ በቃ። ይህ ገበሬ ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበረ። በዚያ ዓመት እሸቱ ሲበላበት ጊዜ፣ «ዝንጀሮ ‹መጀመሪያ የመቀመጫዬን› አለች ይባል የለ? እኔም መቀመጫዋን እነሳታለሁ» አለ።

ሚስቱ አራስ ነበረች። «ተው አንተ ሰው፤ እህልህን ጠብቅ። ማደሪያቸው ምን አደረገህ?» አለችው። አልሰማትም። መንጋው ለግጦሽ ራቅ ሲል ከወይራ ጉቶ ላይ ገመድ አስሮ ወረደና ጠርዟን ከዳር እስከ ዳር የግራር እሾህ ጠቀጠቀባት።

ሲመሽ መንጋው መጣ። አውራው ወረደ፤ ወዲያው መዳፉ እየደማ ተመለሰ። ሌላው ሞከረ፤ እሱም ተመለሰ። ጀምበር ጠለቀች። ገበሬው ደጁ ቆሞ እያየ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ከጥሻው ውስጥ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ነብር ነው። ዝንጀሮዎቹ ጮኸው ሮጡ። ማማው ጠበባቸው። የቀረው ከፍ ያለ ነገር የእርሱ ጎጆ ብቻ ነበረ።

ጣሪያው ላይ ወጡ። ሣሩ ተንኮሻኮሸ፤ ምሰሶው አቃሰተ። ነብሩም ተከትሏቸው መጣ። ሽቅብ ቢያይ አውራዎቹ ጥርሳቸውን ገልጠው ጠበቁት፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ በሩን አሸተተ። በሩ የጭራሮ ነው። ደጅ የሚያድረው ውሻው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ገበሬው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። የነብሩ ትንፋሽ በጭራሮው ቀዳዳ ገብቶ ማጅራቱን ሲነካው ተሰማው። ሚስቱ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጡቷን አጎረሰችው፤ ወተቷ ግን በድንጋጤ ደርቋል።

«ወደ ጣሪያው አውጣን» አለችው በሹክሹክታ።

«ጣሪያው ተይዟል» አላት።

የነብሩ ጥፍር ጭራሮውን ሰንጥቆ ገባና ትከሻውን ቀደደው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ሕፃኑ ያለቅሳል። በዚያች ሌሊት ማሽላው ትዝም አላለው። ፈጣሪውን የለመነው እንዲያነጋለት ብቻ ነበር።

ነጋ። ነብሩ ውሻውን ይዞ ሄዷል። ገበሬው ደሙን ሳይጠርግ ገመዱን አንሥቶ ገደሉን ወረደ፤ እሾሁን በባዶ እጁ እየነቀለ ቁልቁል ጣለው። ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። ሲመሽ ወደ ጠርዛቸው ወረዱ፤ ነብሩም ከዚያ ወዲያ ወደ ጎጆው አልመጣም። በማግሥቱ ማሽላውን እንደ ልማዳቸው በሉበት፤ እርሱም እንደ ልማዱ በወንጭፍ አባረራቸው።

እንግዲህ ይርዳው፣ ጎረቤትህ ቀን ሲበድልህ ቀን ተሟገተው። ሽማግሌ ሰብስብበት፣ ከብቱን ያዝበት፤ ማንም አይፈርድብህም። ጎጆው ግን ያቺ ጠርዝ ናት። ሰውየው አገሩን ጥሎ የመጣው ደመኞቹን ሸሽቶ መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጎጆውን ብታፈርስበት ልጆቹን አዝሎ የሚሮጠው ወዴት ይመስልሃል? በዚህ አገር የሚያውቀው ደጅ ያንተ ብቻ ነው። ከኋላው የሚመጡትም በጨለማ የእርሱን ልጅ ካንተ ልጅ አይለዩም። ኃጢአት ነው ወይ ብለኸኛል፤ ኃጢአቱ ይቆይ፣ እኔ የምፈራልህ ሌሊቱን ነው። በል ተነሥ፤ ያን የያዝኸውን መጥረቢያ እዚሁ ተውልኝና ወደ ቤትህ ግባ።