ሽኮኮ ንስርን ያስቆመችበት ቀን

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ቶሎ ልንገራችሁ፣ ይህን ተረት ሳስበው ልቤ አይረጋም።

በድሮ ዘመን፣ አሞራ እንስሳትን በቅርጫት ከአምባ አምባ በሚያሻግርበት ዘመን፣ ትልቅና ትዕቢተኛ ንስር ነበረ። ትንሽና ትጉ ቁራም ነበረ። አዋላጅ ሽኮኮም ነበረች፤ እጇ የተባረከ፣ አፏ የማይፈራ።

ንስር ወደ ትልቁ የገበያ አምባ፣ ቁራ ደግሞ ወደ ትንንሾቹ ሦስት አምባዎች ይበሩ ነበር። የሁለቱም ዋጋ አንድ እፍኝ ገብስ ነው።

አንድ ቀን ንስር፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ትንንሾቹም እበራለሁ፤ ያውም በነጻ!» አለ። ሁሉም ወደ ንስር ቅርጫት ተጋፋ። ቀድማ የገባችው ማን መሰላችሁ? ሽኮኮ! ቁራ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ቀን ጠበቀ፣ ሳምንት ጠበቀ፣ ወር ጠበቀ። ሲርበው ጊዜ ከገደሉ ማዶ ተሰደደ።

ከዚያማ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል! ንስር ለመጀመሪያው አምባ፣ «ነፋሱ አልተመቸኝም» ብሎ ቀረ። ለሁለተኛው፣ «ተሳፋሪው ጥቂት ነው» ብሎ ቀረ። ለሦስተኛው፣ «ክንፌ ዛለ» ብሎ ቀረ። ለገበያው አምባም አንዱን እፍኝ ሦስት አደረገው።

በሦስተኛው አምባ ላይ የሽኮኮ ልጅ የበኩሯን አርግዛ ነበር። አንድ ጠዋት ከማዶ የምጥ ጩኸት ተሰማ። ሽኮኮ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች። በእግር ገደሉን ለመውጣትና ለመውረድ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ምጥ ደግሞ ሦስት ቀን አይጠብቅም። ሦስት እፍኟን ከፍላ በገበያው ቅርጫት ተሳፈረች።

ልክ ከልጇ አምባ በላይ ሲደርሱ፣ «አያ ንስር፣ ልጄ ምጥ ይዟታል፤ እዚህ አውርደኝ» አለችው።

«እዚህ አልወርድም።»

«አያ ንስር፣ ስለ ወላድ አምላክ!»

«አልወርድም አልኩሽ!»

«እንግዲያው በሕግ አምላክ! ቁም!»

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ፣ ሌባም ይሁን ንጉሥ፣ ነገሩ በዳኛ እስኪታይ ንቅንቅ አይልም። ንስር አየር ላይ እንዴት ይቁም? እያጉረመረመ ወረደና አለት ላይ ቆመ። ሽኮኮ ከቅርጫቱ ዘላ ሮጠች።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ንስር ቆሟል። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ንስር ቆሟል። ልትጠልቅ ስትል ሽኮኮ እጇን ታጥባ መጣች። እናትም ሕፃንም ተርፈዋል፣ ተመስገን!

ዳኛው ዝንጀሮ ተጠራ።

«ክንፉ የኔ ነው፤ በፈለግሁበት እበራለሁ» አለ ንስር።

«ክንፉስ ያንተ ነው» አለ ዝንጀሮ። «ግን ቁራን አባረርክና ቦታውን ባዶ ጥለህ ሄድክ። በል፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቀው።»

ያ ኩሩ ንስር ድንጋይ ባንገቱ አድርጎ ሊበር ሲል፣ ሽኮኮም ድንጋይ አነሳች። «እኔም አባርሬዋለሁ» ብላ አለቀሰች። አብረው ሄደው ቁራ እግር ላይ ወደቁ።

ቁራ፣ «ድንጋዩን ጣሉት» አላቸው። «ሕፃኑን ለክርስትናው የማሻግረው ግን እኔ ነኝ። በነጻ አይደለም!»

«በነጻማ ሁለተኛ አልሳፈርም!» አለች ሽኮኮ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ቁራ ወደ ገበያው አምባም መብረር ጀመረ። የንስር ሦስት እፍኝ በማግስቱ ወደ አንድ ተመለሰ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በነጻ ልሸከማችሁ የሚል ሲመጣ፣ ትናንት የተሸከማችሁን አትርሱ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርና ውሃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።