የሸማኔው ግራ እጅ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ዘጠናን አልፏል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዘው አለ፤ አፉ ወደ ጎን ተሳበ፤ ወደቀም። ልጆቹ ተሸክመው ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሟ ጭንቅላቱን በመሣሪያ አየችና የረጋ ደም የአንጎሉን ደም ስር እንደዘጋው ነገረቻቸው። ከብሽሽቱ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ያንን ማውጣት ይቻላል አለች። በዚህ ዕድሜ ግን ተሞክሮላቸው የማይተርፉ ብዙ ናቸው፤ ተርፈው የሰው እርዳታ የሚሹ አሉ፤ ደህና የሚሆኑም አሉ። በዘገየ ቁጥር ደህና የመሆኑ ነገር እየጠበበ ይሄዳል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሰማ። የሰማው ግን ከሩቅ ነው። እሱ ያለው አንድ ሰፊ መስክ ላይ ነበር። ከችካል እስከ ችካል ነጭ ድር ተዘርግቷል፤ እሱም ክሩን ይዞ ይመላለሳል። ነፋስ የለም። በቀኝ በኩል ያለው የመስኩ ግማሽ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። እዚያ ጥግ ላይ ክሩ ተቋጥሯል። ሄዶ ሊፈታው ያስባል፤ እግሩ አይሄድለትም። ፀሐዩ ለስላሳ ነበረና ቁጭ ማለትም አማረው።

ከመስኩ ማዶ ወንዶች ልጆቹ ይነጋገራሉ። ሐኪሟ ዕድሜውን ጠይቃቸው ነበር። አንደኛው ዘጠና አምስት አለ። ሌላው፣ አባትን ማሳነስ እንዳይሆንበት፣ መቶ ሊሞላው ምንም አልቀረው አለ። ሽማግሌው ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ሳቁ መጣ፤ ግን አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ቀጥለውም ታላቃችን ሳይመጣ በአባታችን ነገር አንቆርጥም አሉ። ታላቁ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። እስኪደርስ አባታችን ይረፍ፣ ዕድሜ ጠግቧል፣ በሽቦ ማንገላታትም ነውር ነው ተባባሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ፈራ። መስኩ አላስፈራውም፤ ሞትም ቢሆን ሲያስበው የኖረ ነገር ነው። ያስፈራው መልሱን ይዞ የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። ይሞከርልኝ ሊል ፈልጓል። ቃሉ ግን ከተቋጠረው ክር ወዲያ ቀርቷል።

ሐኪሟ የዕድሜውን ነገር ተወችና፣ «አባታችሁ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብላ ጠየቀች።

ወንዶቹ ይህን አያውቁም። የመለሰችው አብራው የምትኖረው ሴቷ ልጁ ናት።

«ለጎረቤት ሙሽራ ጥለት ሲመርጡ ዋሉ። እኔ ያመጣሁትን ክር፣ ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው ብለው መለሱብኝ። ገበያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ራሳቸው ለወጡት።»

ከዚያ እስካሁን ማንም ያላሰበውን አደረገች። በአልጋው ግራ በኩል ተንበርክካ ግራ እጁን ያዘች። ወንድሟ፣ «አታድክሚያቸው እንጂ፣ ምን ይሰማሉ ብለሽ ነው» አላት። እሷ ግን ወደ አባቷ ጆሮ ተጠጋች።

«አባባ፣ ሽቦ አስገብተው የረጋውን ደም ሊያወጡልዎት ይችላሉ። ላይሳካ ይችላል። በዚያው ሊቀሩም ይችላሉ። ይሞከር ካሉ እጄን ይጨብጡት። ተዉኝ ካሉም ይልቀቁት፤ እኔ ከአጠገብዎ አልሄድም።»

ድምፅዋ መስኩን አቋርጦ እንደ አዲስ ክር መጣለት። ሽማግሌው ያዘው፤ ባለ በሌለ ኃይሉም ጎተተው።

«ኧረ አባባ፣ ጣቴን» አለች ልጁ።

ሐኪሟ ጠንቃቃ ነበረችና ይልቀቁት አለችው፤ ለቀቀ። ይሞከር የሚሉ ከሆነ እንደገና ይጨብጡት አለችው፤ ጨበጠ። ልጆቹም ታላቃቸውን ሳይጠብቁ ፈረሙ።

የረጋው ደም ወጣለት፤ ተረፈም። እንደ ድሮው ሆነ ብዬ ግን አልዋሽህም። ቀኝ እጁ መወርወሪያ አይወረውርም። ውኃ ሲጠማው ክር አምጡልኝ የሚልበት ጊዜ አለ። ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በግራው ያዳውራል፤ የልጆቹንም ሥራ ሲነቅፍ ይውላል። በዚያው ሊቀርም ይችል ነበር። እንደ እሱ ተጠይቆ እጁን የሚለቅ ሽማግሌም ይኖራል፤ ያም መልስ ነው፤ ሊከበርለት ይገባል።

አንተም፣ ደባልቄ፣ ሐኪሙ የእናትህ የልብ ምት ወጣ ገባ ስለሚል ደም ሊረጋ ይችላል አለህ። እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣ በዘጠና ሁለት ዓመቷ ይሞከርላት ወይስ ትረፍ ብለህ ጠየቅኸኝ። አንተና ወንድሞችህ የሸማኔውን ልጆች ትመስላላችሁ። በአክብሮት ከብባችኋት ከእሷ በቀር ሁሉን ሰው ትጠይቃላችሁ፤ ይኸው እኔ ጋም ደረሳችሁ። ለሸማኔው የቀረችው አንዲት እጅ ነበረች፤ እሷንም የሚይዝለት ሰው ባያገኝ ኖሮ መልሱ አብሮት ይቀር ነበር። እናትህ ግን አንደበቷ አልታሰረም፤ ትናንት ቤታችሁ ስመጣ በሩን አልዘጋህም ብላ ስትቆጣህ ሰምቻለሁ። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ። ሐኪሙ የነገረህን ጥሩውንም ክፉውንም ሳትቀንስ ንገራት። ከዚያ ዝም በልና እሷ ትናገር።